የናፍጣ ታንኬ ያንጠባጥባል፤ ሳላስበይደው ራሴ ልጠግነው እችላለሁ?

አይሱዙ71፦
ሰላም የመኪና ሰዎች። አይሱዙ ኤን ፒ አር 71 አለኝ። ከመቂ ወደ አዲስ አበባ ሽንኩርትና ቲማቲም እጭንበታለሁ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ መኪናው የቆመበት ቦታ ሁሉ መሬቱ ይረጥባል። መጀመሪያ ዘይት መስሎኝ ነበር። በጣቴ ነክቼ ሳሸተው ናፍጣ ነው። ትናንት ማታ ከሥሩ የድልህ ጣሳ አስቀምጬ አደርኩ። ጠዋት ስገለብጠው ግማሽ ሃይላንድ ሞላ።

ታንኩ ከሻንሲው ጎን ስለሆነ በደንብ ይታያል። የሚያንጠባጥበው ታንኩን አቅፎ ከያዘው የብረት ቀበቶ ሥር ነው። በቀበቶውና በታንኩ መሃል ያለው ላስቲክ ረጥቦ አብጧል። ቀዳዳውን ግን ማየት አልቻልኩም።

አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየት አደረገና "አሁኑኑ እንበይደዋለን፣ ናፍጣ እኮ ነው፣ አይፈነዳም" አለኝ። ታንኩን ላውርደው እንኳ አላለም። እውነት ለመናገር ፈራሁ። ሞተር አስነስቼ ውልቅ አልኩ።

አሁን ጥያቄዬ፦ ራሴ ብሠራውስ? ክሪክ አለኝ፣ ቁልፎች አሉኝ፣ ትዕግስትም ትንሽ አለኝ። እሁድና ሰኞ መኪናው አይወጣም።

የሞጆዋ፦
እሁድ እስኪደርስ ደረቅ የልብስ ሳሙና ግዛ። ፈሳሽ አይደለም፣ ደረቁን። ቀበቶውን ትንሽ አላልተህ ላስቲኩን ገፋ አድርገውና የሚያንጠባጥበውን ቦታ በጨርቅ ጥረገው። ከዚያ ሳሙናውን እዚያው ላይ እያሸህ ወትፈው። ሳሙና በውሃ ይሟሟል እንጂ በናፍጣ አይሟሟም። ቀጥ ያደርግልሃል። ዝናብ ከመጣ ግን ታጥቦ ይሄዳል፣ ስለዚህ አትመካበት። እኔ ሁለት አይሱዙ አለኝ። አንዱ አንድ ጊዜ መተሐራ ላይ ድንጋይ መትቶት በሳሙና ሞጆ ገብቷል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ናፍጣውን ስታወጣ በጎማ ቱቦ በአፍህ እንዳትስብ። የኔ ረዳት ሁሌ እንደሚያደርገው ሳበና ትን አለው። ትንሽ ሳል ነው ብለን ሻይ አጠጣነው። ማታ ትንፋሽ አጠረው፣ ሐኪም ቤት ሦስት ቀን ተኛ። ናፍጣ ሆድ ከገባበት ይልቅ ሳንባ የገባበት ይብሳል አሉን። አስታውኩት ብሎ ጨው በውሃ የሚያጠጣ ሰው ሁሌ አይጠፋም፣ እሱም ክልክል ነው። ሲያስመልሰው ተመልሶ ሳንባ ይገባል። የታንኩን የሥር ብሎን ፍታና በጀሪካን ተቀበል፣ አለቀ።

በያጅ ነኝ፦
ምን ይሄን ሁሉ ያስፈራራችሁታል። 12 ዓመት በያጅ ነኝ፣ የናፍጣ ታንክ ቁጥሩን እስከማላውቀው ድረስ በይጃለሁ። ናፍጣ ቤንዚን አይደለም። ክብሪት ጭረህ ብትጥልበት ክብሪቱ ይጠፋል። ሞክሩት።

ጡረተኛው መካኒክ፦
ልጄ፣ ክብሪቱ መጥፋቱ እውነት ነው። ያታለለህም እሱ ነው።

ናፍጣ በብርድ ብዙ አይተንም። እሳት የሚይዝ ትነት የሚሰጠው ከ52 እስከ 55 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ጀምሮ ነው። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይም ይተናል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ፈሶ የቀዘቀዘ ናፍጣ ውስጥ ክብሪት ይጠፋል። አንተ ግን ክብሪት አይደለም የምትጥልበት። ላሜራውን እስኪቀልጥ ነው የምታግለው። ከጀርባው የተለጠፈችው ቅባት፣ ዝገቱ ውስጥ የተደበቀችው፣ በማጠፊያው ስፌት መሃል የቀረችው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ትተናለች። ታንኩ ደግሞ ዝግ ነው። ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ ትነት ከአየር ጋር ከተቀላቀለ ይበቃል። ለዚህ ነው ባዶ ታንክ ከሙሉው ታንክ የሚያስፈራው። ሙሉው ውስጥ አየር የለም።

በ1980ዎቹ የሠራሁበት አንድ ጋራዥ ነበር፣ ስሙን ልተወው። ናፍጣ የነበረበት በርሜል ሊቆርጡ ነው። ከተገለበጠ ሁለት ሳምንት አልፎታል። በውሃም አለቅልቀውታል። እኔ ከበሩ አጠገብ ምሳ ዕቃዬን ከፍቼ ተቀምጬ ነበር። ድምፁን አልሰማሁትም ብል ታምኑኛላችሁ? የማስታውሰው ክዳኑ ጣሪያውን ሲመታና እንጀራዬ ላይ የጣሪያ ዝገት ሲወርድ ነው። ልጁ ተረፈ። ከግራ እጁ ሁለት ጣት ግን የለውም። ያን ቀን ኮቱን ከሚስማሩ ላይ ሳያወርድ ነው በሰው መኪና ሐኪም ቤት የሄደው። ኮቱ ወር ሙሉ እዚያው ተሰቅሎ ነበር፣ ማንም ሊነካው አልፈለገም።

12 ዓመት አልፈነዳብህም ማለት እስካሁን አልፈነዳብህም ማለት ነው።

በያጅ ነኝ፦
ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ነው። እኛም ዝም ብለን አንበይድም እኮ። የሌላ መኪና ጭስ ማውጫ በቱቦ ታንኩ ውስጥ እንከታለን። ጭሱ አየሩን ያስወጣዋል። አየር ከሌለ ደግሞ እሳት የለም።

ከሻርጃ፦
ወንድሜ፣ የየትኛው መኪና ጭስ? አይሱዙ ከሆነ ተሸውደሃል። የናፍጣ ሞተር ሁልጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ አየር ነው የሚስበው። ቆሞ ሲሠራ ደግሞ የሚያቃጥለው ነዳጅ ትንሽ ነው። ከ21 እጅ ኦክስጅን ውስጥ ከ15 እጅ በላይ የሚሆነው ሳይነካ በጭስ ማውጫው ይወጣል። እሳት በዚያ ላይ እንደ ልቡ ይነዳል። አየሩን አስወጣሁ ያልከው አየር አስገብተህ ነው።

እኔ ያለሁበት የከባድ መኪና ጋራዥ ታንክ ሳይወርድና ሳይታጠብ አይበየድም። መጀመሪያ በእንፋሎት ለሰዓታት ይታጠባል። ከዚያ በጋዝ መለኪያ ይለካል፣ ዜሮ ካላለ በያጁ ቶርቹን አያነሳም። ወይም ናይትሮጅን ይሞላል። ይሄ ሁሉ ለሌለው ያለው አማራጭ ታንኩን አጥቦ በውሃ መሙላት ነው። የሚበየደው ቦታ ወደ ላይ ይዞርና ውሃው እዚያው ሥር ድረስ ይሞላል። አፎቹ በሙሉ ክፍት ይሁኑ። ውስጡ የሚቀረው ባዶ ቦታ የአንድ ቡና ስኒ ያህል ቢሆን ነው።

በያጅ ነኝ፦
የጭሱን ነገር እንደዛ አስቤው አላውቅም። እሺ። የውሃውን እሞክረዋለሁ።

አይሱዙ71፦
ሳሙናው ሠራ! እህቴ እግዜር ይስጥልኝ። ከትናንት ጀምሮ ጠብታ የለም። ብየዳውን ሰረዝኩ። ጎረቤቴ ግን "ቀዩን ሲሊኮን ለጥፍበትና ተገላገል" ይለኛል። ምን ትላላችሁ?

ሶማሌ ተራ ነኝ፦
ቀዩ ሲሊኮን ለዘይት ጋስኬት ነው የተሠራው። ናፍጣ ሲነካው ያብጥና እንደ ማስቲካ ይላጣል። ብዙ ሰው ከእኔ ገዝቶ ተመልሶ መጥቷል። የሚያዋጣህ ሁለት ቱቦ የሚደባለቀው የብረት ኤፖክሲ ነው፣ ነዳጅ ይችላል የሚል የተጻፈበት። መቀላቀያው እኩል በእኩል ከሆነ እኩል አድርግ፣ "ቶሎ እንዲደርቅልኝ" ብለህ ማድረቂያውን አታብዛ።

ግን መጀመሪያ ታንኩን አውርደህ እየው። ሥሩ በሙሉ ሳስቶ ከሆነ በኤፖክሲ ገንዘብህን አትጨርስ። እኛ ጋ ያገለገለ የኤን ፒ አር ታንክ አይጠፋም። ስትገዛ ግን ባትሪ አብርተህ ውስጡን እይ። ቀለሙ እንዳያታልልህ። ውጪውን አዲስ ቀብተው ውስጡ የጉንዳን ቤት የሆነ ብዙ አይቻለሁ። በጣትህ ጠርዝ ሥሩን መታ መታ አድርገው። ጤነኛ ላሜራ ይጮሃል፣ የበሰበሰ ያፍናል።

ጡረተኛው መካኒክ፦
ጥሩ ብሏል። በል እንግዲህ ስማኝ፣ እንዴት እንደምትሠራው ልንገርህ።

ሰልባትዮውን (ታንኩን) ከማውረድህ በፊት ናፍጣውን ጨርሰህ አውጣ። 100 ሊትር ናፍጣ ወደ 84 ኪሎ ይመዝናል፣ ደረትህ ላይ እንዳይመጣ። ባትሪውን ንቀል። ደጅ ሥራ። ሰፈር ውስጥ ከሆነ ቡና የሚያፈሉትን ሴቶች ከሰላቸውን ዞር እንዲያደርጉ ለምናቸው፣ እኔ ነኝ የላክሁህ በላቸው። ጀሪካኖቹ ላይ "ናፍጣ" ብለህ ጻፍ። ላምባ መስሎት ምድጃ ላይ የሚሞላ ሰው አለ።

በሙቅ ውሃና በኦሞ አራት አምስት ጊዜ አጥበህ ገልብጠህ ፀሐይ ላይ አድርቀው። ከዚያ የተበላውን ቦታ በሽቦ ብሩሽ ፈትግ። ቀዳዳዋ አንዲት ትመስልሃለች። በካቻቢቴ ጫፍ ዙሪያዋን ጫን ጫን በላት። ሦስት ብትሆን አትደንግጥ፣ ያውም አሁን መገኘቷ ይሻላል። ከዳሯ አምስት ሴንቲ ወዲያና ወዲህ ቀለሙን አንሳ፣ ብረቱ እንደ አዲስ ሳንቲም እስኪያበራ። በብርጭቆ ወረቀት ሸካራ አድርገው። በንጹህ ጨርቅና በቲነር ጥረግ። ከዚያ በኋላ በእጅህ አትንካው። ኤፖክሲ የጣት ቅባት ላይ አይይዝም። የሚላጥብህ በዚህ ነው እንጂ በመድኃኒቱ መጥፎነት አይደለም።

ቀዳዳው ከምስር ፍሬ ከበለጠ ኤፖክሲ ብቻውን አይበቃም። ከአሮጌ ላሜራ ቁረጥና ኤፖክሲው መሃል ቅበረው። የቤት ክዳን ቆርቆሮ አትጠቀም፣ ዚንክና ናፍጣ አይስማሙም። አንድ ሙሉ ቀን ይደር። "በሰዓት ይደርቃል" ቢልም ይደር።

ስትፈትሸው አፎቹን ሁሉ ዝጋና የሳሙና አረፋ እየቀባህ በብስክሌት ፓምፕ ቀስ ብለህ ንፋ። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር አታስጠጋ! ታንክ ጎማ አይደለም፣ ሆዱ ይነፋል፣ ስፌቱም ይለቃል።

ሌላው ዋናው ነገር የበላው ምንድነው የሚለው ነው። ቀበቶው ሥር ያለው ላስቲክ ጭቃና ውሃ ይይዛል፣ ከውጪ ይበላዋል። አሮጌ ከመነዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ቆርጠህ አትተካበት፣ እሱ ናፍጣ ሲነካው ያብጣል። ነዳጅ የሚችል ላስቲክ ፈልግ። ከውስጥ ደግሞ ውሃ አለ። ማታ ብርድ፣ ቀን ሙቀት፣ ታንኩ ደግሞ ግማሽ ባዶ። ግድግዳው ላብ ያልበዋል። ውሃ ከናፍጣ ይከብዳል፣ ሥር ይተኛል። ስታወርደው ውስጡን አይተህ ንገረኝ።

ጀማሪ ሹፌር፦
የኔ ታንክ ፕላስቲክ ነው፣ እኔም ኤፖክሲ ልለጥፍ?

ሶማሌ ተራ ነኝ፦
አይይዝም። ያ ፕላስቲክ ማስቲሽ ቀርቶ ምንም አይወድም። ዛሬ ይለጠፋል፣ ነገ እንደ ፓርኪንግ ትኬት ይነሳል። በፕላስቲክ ብየዳ የሚሠሩ አሉ፣ ናፍጣ የጠጣ ፕላስቲክ ግን ብየዳም አይቀበልም። ያገለገለ ለውጥ።

ዳላስ ትራክ፦
እዚህ አሜሪካ የሚያንጠባጥብ ታንክ ይዘህ ፍተሻ ላይ ከተያዝክ መኪናው እዚያው ይቆማል፣ ጭነቱን ሌላ ይወስደዋል። ሳሙና ብታሳየው ኢንስፔክተሩ ይስቅብሃል። ደግሞ የከባድ መኪና ታንክ እስከ አፉ ባይሞላ ይመረጣል። ነዳጅ ሲሞቅ ያብጣል። አገር ቤት እስከ አፉ ሞልተን ፀሐይ ላይ እያቆምን "ክዳኑ ያልባል" የምንለው እሱ ነው።

የሞጆዋ፦
ሞልተን? ናፍጣ ካገኘን አይደል ወንድሜ።

አይሱዙ71፦
ሰላም ናችሁ። ሥራው አለቀ፣ ግን ታሪክ አለው።

እሁድ ጠዋት ጀመርኩ። የቀበቶው ዳዶ ዝጎ አልፈታ አለ። ናፍጣውን ራሱን ቀብቼ ግማሽ ሰዓት ተውኩት፣ ከዚያ ተፈታ። ታንኩ ሲወርድ ላስቲኩ ከላሜራው ጋር ተጣብቆ መጣ። ከሥሩ የነበረው ጭቃ ጥቁር አፈር ነው፣ የመቂ አፈር፣ እርጥብ። ሲላጥ ብረቱ እንደ ቆሎ ገለባ አብሮ ተነሳ።

ጋሼ እንዳሉት ውስጡን በባትሪ አየሁ። ሥሩ ላይ እንደ ተልባ የሚያዳልጥ ጥቁር ቡናማ ነገር ተኝቷል። በጣቴ ሳነሳው ይለጠጣል። በመስታወት ብርጭቆ የመጨረሻዋን ናፍጣ ቀዳሁ። አንድ ጣት ያህል ውሃ ከሥር ተቀመጠ። አሁን ሳስበው ሁለት ጊዜ ዳገት ላይ ጉልበት አጥቶብኝ ነበር።

ቀዳዳዋ አንዲት ነበረች፣ በካቻቢቴ አራት ሆነች። ደነገጥኩ፣ አልዋሽም። ግን ሁሉም በእጅ መዳፍ ስፋት ውስጥ ናቸው። የቀረው ላሜራ ሲመታ ይጮሃል። ስለዚህ ገፋሁበት። ላሜራ ቀብሬ ለጠፍኩ፣ እስከ ሰኞ ከሰዓት አደረ። በብስክሌት ፓምፕ ስነፋው ጥገናው ላይ አንድም አረፋ የለም። አረፋ የወጣው ከክዳኑ ነው። ክዳኑን ደግሞ ልጠግን ስል ጋሼ ትዝ አሉኝ፣ ደወልኩላቸው።

ጡረተኛው መካኒክ፦
አዎ ደወለልኝ። ክዳኑ መተንፈሻ አለው፣ ይተንፍስ ተውት አልኩት። ያን ቢደፍነው ኖሮ ናፍጣው ሲቀንስ ታንኩ አየር አጥቶ ይጨመቃል፣ ፖምፓው መሳብ ያቅተዋል። መኪናህ ከሰዓት ወደ ሰዓት ጉልበት የሚያጣ፣ ክዳኑን ስትከፍት "ፍስስ" ብሎ የሚድን ከሆነ ያ ነው በሽታው።

እንደ ተልባ ያልከው ደግሞ ሕይወት ያለው ነገር ነው። በውሃውና በናፍጣው መገናኛ ላይ ይራባል። ጥቀርሻ አይደለም። የሚያመነጨው አሲድ ብረት ይበላል። ከውጪም ከውስጥም ነው የበሉህ።

አይሱዙ71፦
ከዚያ ሞተሩ አልነሳ አለ። የናፍጣ ቱቦው ውስጥ ኤር (አየር) ገብቶ ነበር፣ መቼም ታንክ ወርዶ ኤር ሳይገባ አይቀርም። ፊልትሮው ላይ ያለውን ብሎን አላልቼ በእጅ ፖምፓ ገፋሁ። መጀመሪያ አረፋ፣ ከዚያ ምራቅ የመሰለ ነገር፣ ከዚያ ንጹህ ናፍጣ መጣ። አጠበቅኩትና ሞተሪኖ (ማስነሻ) ሰጠሁት። ሁለተኛው ላይ ተነሳ። ሠፈሩን በጭስ ሞላሁት፣ ከዚያ ተስተካከለ።

ከሻርጃ፦
ሌሎች ይህን እያነበባችሁ፦ ይሄ ሰው መኪናው የድሮ ፖምፓ ነው። አዲሶቹ ኮመን ሬል (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት የሚረጩ) የሆኑት ላይ ሞተር እየሠራ የኢንጀክተር ቱቦ ዳዶ እንዳታላሉ። ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል። ቆዳ ይበሳል፣ ናፍጣውን ሥጋ ውስጥ ያስገባል። መርፌ የወጋህ ይመስልሃል እንጂ ቀልድ አይደለም፣ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

ሶማሌ ተራ ነኝ፦
አይሱዙ71፣ ፊልትሮ ገዝተህ መኪናህ ውስጥ አስቀምጥ። የተናጋው ቆሻሻ በሳምንቱ ይመጣልሃል።

አይሱዙ71፦
በሦስተኛው ቀን መጣ። አለም ጤና ከተማ አካባቢ። ቀየርኩት፣ አሮጌው ሲቆረጥ ውስጡ ቡናማ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው። አሁን ማታ ሳቆም በተቻለኝ ሞልቼ ነው የማቆመው። ሳምንት ሳምንት ጠዋት፣ ሳይንቀሳቀስ፣ የሥሩን ብሎን ላላ አድርጌ ትንሽ አፈሳለሁ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። የነዳጅ ጌጁ ዜሮ ላይ ቀረ። ትናንት ናፍጣ አልቋል ብዬ ሁለት ሰዓት ተኩል ሰልፍ ቆምኩ። በቴሌብር ልከፍል ስልኬን አውጥቼ እየጠበቅኩ ቀጂው 15 ሊትር ላይ ሲደርስ ናፍጣው በአፉ ወጣ። ከኋላዬ ያለው የሲኖትራክ ሹፌር የተናገረኝን እዚህ አልጽፈውም። ጌጁ ተቃጥሎ ይሆን? ስንት ነው ዋጋው?

ሶማሌ ተራ ነኝ፦
ልሸጥልህ እችላለሁ። ግን መጀመሪያ ታንኩ አናት ላይ ያለውን የጌጁን ሽቦ ሶኬት መልሰሃል?

አይሱዙ71፦
ረዳቴ አሁን ወጥቶ አየው። ተንጠልጥሏል። በጭቃ።

የሞጆዋ፦
😂 ለረዳቱ ምሳ ጋብዘው።